የእንግዳው ደብተርና የባለቤቶቹ ሥርዐት
ስለ ሚሼል ሌሪስ የጎንደር ማስታወሻ

በሰው አገር ተቀጥሮ የሚኖር ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ማንም የማይከፍልበት፥ ከሰው ጋር የመላመድና ለራሱ ስፍራ የማግኘት ሥራ ነው። ለመሐንዲስ ወይም ለነጋዴ እነዚህ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። መሐንዲሱ በሚሠራበት አገር አንድ ወዳጅ እንኳ ባያፈራ ድልድዩን ሠርቶ ይሄዳል፤ ድልድዩም ስለ ሠሪው ብቸኝነት የሚመሰክረው ነገር የለም። የኤትኖሎጂ ተመራማሪ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የሚያውቀው ሁሉ ከተቀበሉት ሰዎች የተገኘ ስለ ሆነ፥ በማን ቤት እንደ ተቀመጠ፥ በማን አፍ እንደ ተናገረ፥ ምን ሰጥቶ ምን እንደ ተቀበለ ካልታወቀ የጽሑፉ ክብደት ሊመዘን አይችልም። ይህም ሆኖ በዚህ ሙያ ከተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ የሚናገሩት በመቅድማቸው ውስጥ፥ ያውም ለረዱ ሰዎች ምስጋና በማቅረብ ብቻ ነው።

ይህን ልማድ ከጣሱት ጥቂት ድርሰቶች አንዱ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1934 በፓሪስ ያሳተመው «ላፍሪክ ፋንቶም» የተባለው መጽሐፍ ነው፤ ስሙም በግርድፉ «ምትሐታዊት አፍሪቃ» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ የዕለት ማስታወሻ ነው። ሰፊ ክፍሉም በጎንደር ከተማ ስላለፉት አምስት ወራት ይናገራል። በመሆኑም ለኢትዮጵያ ጥናት ሁለት ዐይነት ጥቅም አለው፤ ይኸውም ስለ ዛር ሥርዐት የሚሰጠው ወሬና አንድ የውጭ አገር ሰው በአዲስ ሥራና በአዲስ ማኅበር ውስጥ ስፍራ ለማግኘት ያደረገውን ትግል የሚያሳይ ምስክርነት ነው። አንባቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ አብዝተው ያመሰገኑት የደራሲውን ግልጽነት ነው። ምስጋናው የተገባ ቢሆንም፥ ደራሲው በግልጽ የተናዘዘውን ሁሉ በትክክል ተረድቶታል ማለት አይደለም። የዚህ ሒስ ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ሌሪስ ከጎንደር ሰዎች የለየውን ርቀት በገዛ ነፍሱ ውስጥ ሲፈልግ፥ መጽሐፉ ግን ምክንያቱን በሌላ ስፍራ ያሳያል።

በመጀመሪያ የሥራውን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። የዳካርና ጅቡቲ ልዑክ የሚባለው የጥናት ጓድ የፈረንሳይ ምክር ቤት በልዩ ሕግ ገንዘብ መድቦለት በ1931 በግንቦት ወር ከፈረንሳይ ተነሣ፤ አፍሪቃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦም በ1933 በየካቲት ወር በጅቡቲ ጉዞውን ፈጸመ። አለቃው ማርሴል ግሪዮል ነበረ። ግሪዮል ከዚህ ቀደም በ1928 እና በ1929 በጎጃም ለጥናት ስለ ቆየ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ሌሪስ ግን በ1901 በፓሪስ የተወለደ ባለቅኔ ነበረ። ከ1924 እስከ 1929 ከሱሪያሊስቶች ማኅበር ጋር ቆይቶ ከተለየ በኋላ «ዶኩማን» በተባለው መጽሔት ሲሠራ ከግሪዮል ጋር ተዋወቀ፤ በኤትኖሎጂ ሙያም ገና ሳይሠለጥን የልዑኩ ጸሐፊና የመዝገብ ኀላፊ ሆኖ ተቀጠረ። የፓሪስ የድርሰት ሰዎች ኑሮ አሰልችቶት ነበር፤ ጉዞው ሌላ ሰው ያደርገኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። በዚህ ረገድ፥ ከአገሩ የሸሸው የኑሮውን ጭንቀት ጥሎ ለመምጣት አስቦ፥ ግን ጭንቀቱን በጓዙ ውስጥ ጠቅልሎ ይዞ ከሚመጣው ብዙ ተቀጣሪ የተለየ አልነበረም።

አዲሱ ሥራም የጠበቀውን አልሰጠውም። ማስታወሻው በመጀመሪያዎቹ ወራት የዕቃ ቁጥር፥ የመጠይቅ ወረቀት፥ የመኪና ብልሽት፥ የሙቀትና የመሰልቸት መዝገብ ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በ1931 በመስከረም ወር፥ ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር፥ ልዑኩ ከመንደሮች የተቀደሱ ዕቃዎችን በማስፈራራትና በስርቆት እንደ ወሰደ፥ እሱም ራሱ በዚህ ሥራ እንደ ተካፈለ ሌሪስ ሳይደብቅ ጽፏል። ይህ ሊሆን የቻለው አገሩ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለ ነበረ ነው። የመንደሩ ሰው እንግዳውን የመከልከል ሥልጣን አልነበረውም፤ እንግዳ የሚለውም ቃል በዚያ ሁኔታ ትክክለኛ ትርጉሙን አጥቶ ነበር። ባለቤቱ እምቢ ሊል በማይችልበት ቤት የሚገባ ሰው እንግዳ አይባልምና።

ልዑኩ በ1932 ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲደርስ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። በመተማ በኩል ለመግባት ፈቃድ መጠየቅና መጠበቅ ግድ ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱን የቻለ መንግሥት ስለ ነበረ፥ በምዕራብ አፍሪቃ በአንድ የአስተዳዳሪ ደብዳቤ ይከፈት የነበረው በር እዚህ በጉምሩክ ሹም፥ በአገረ ገዥና በነጋድራስ ፊት በትዕግሥት የሚከፈት ሆነ። ማስታወሻው ይህን መዘግየት የሚናገረው በቍጣና በንቀት ነው። ሌሪስ የምሥራቅን ጥንታዊነት ሲያደንቅ የጥንቱ መንግሥት ሹም እንዲቆም ሲያዘው ግን ይናደዳል። እዚህ ላይ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ጉድለት ይታያል። ደራሲው እውነተኛ እንግዳ የሆነው፥ ማለትም ሊከለከል የሚችል ሰው የሆነው፥ በዚህ ድንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን አላስተዋለም። በኋላ በጎንደር ያገኘው ማናቸውም ወዳጅነት ዋጋ ያገኘው ደግሞ ባለቤቶቹ እምቢ ማለት ይችሉ ስለ ነበረ ነው።

ልዑኩ በ1924 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰኔ ወር መጨረሻ ገደማ ጎንደር ገብቶ እስከ 1925 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ ድረስ ተቀመጠ። ማደሪያውን ያደረገው በኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ውስጥ ነበር። የከተማው ሰው ከልዑኩ ጋር የተዋወቀው እንግዲህ በዚህ አድራሻ ነው። የኢጣልያ ጦር በ1935 ኢትዮጵያን እንደ ወረረ ለሚያስታውስ አንባቢ፥ በዚያ ግቢ ውስጥ ሆነው ስለ አገሩ ሰው ልብ ለማወቅ የሚጥሩ ፈረንጆች በከተማው ዐይን እንዴት ይታዩ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በግቢው ውስጥ የፈረንጅ ምግብ፥ የፈረንጅ ጨዋታና የፈረንጅ ጠብ ነበር፤ ከግቢው ውጭ የክረምቱ ጭቃና የማይገባ ቋንቋ ነበር። ሌሪስ አማርኛ የሚያውቀው በጥቂቱ ብቻ ነው። ከዚህ ግቢ አውጥቶ ወደ ጎንደር ሰው ቤት ያስገባው ሁለት ነገር ነው፤ የዛር ሥርዐትና አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ።

አባ ጀሮም በትውልዳቸው ኤርትራዊ፥ በሃይማኖታቸው ካቶሊክ፥ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ የተማሩ ሰው ነበሩ። ልዑኩን በአስተርጓሚነትና በጥናት ረዳትነት አገልግለዋል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ተረት በአስተርጓሚ ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አባ ጀሮም ግን በጎንደር ያገሩ በሬ አልነበሩም። እሳቸውም እንግዳ ነበሩ። በባለዛሮቹ ቤት የሌሪስን ያህል ባይሆንም ለቦታው ባዕድ፥ በሃይማኖት የተለዩ፥ ደብተርና እርሳስ የያዙ ሰው ነበሩ። የሚባለውን እየሰሙ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ከዚያም ቃሉን ለሌሪስ በፈረንሳይኛ ይነግሩታል። ማስታወሻው አባ ጀሮምን አንድ ጊዜ እንደ ወንድም፥ አንድ ጊዜ እንደ መሰናክል ያያቸዋል። ሥራው ሲዘገይ ወይም ትርጉሙ ሲድበሰበስ ሌሪስ ይቈጣል፤ ከእሳቸውም ተለይቶ ያለ አማካይ መስማት ይመኛል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከማንም ጋር በቀጥታ ሲነጋገር የሚታይበት ስፍራ እጅግ ጥቂት ነው። አንባቢ «እገሊት እንዲህ አለችኝ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቊጥር በመካከሉ የአባ ጀሮም አፍ እንዳለ መዘንጋት የለበትም። የሌሪስ ወዳጅነት በሙሉ የተሠራው በእሳቸው ቃላት ነውና፥ መጽሐፉ የአንድ ሳይሆን የሁለት እንግዶች መጽሐፍ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ወደ ዛሩ ቤት እንመለስ ዘንድ የነገሩ ሥርዓት ያስገድዳል። በባታ ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ መልካም አያሁ በዕድሜ የገፉ፥ የታወቁ ባለዛር ነበሩ። እንደሚታወቀው ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ዛሩ በፈረሱ ላይ ሲወጣ በፈረሱ አፍ ይናገራል፥ ይፎክራል፥ ያጓራል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፥ ወገን፥ ማዕርግ፥ ልብስና የሚወደው መሥዋዕት አለው። በሽተኛው ወደ ባለዛሩ ቤት ሲመጣ፥ ባለዛሩ ዛሩን ጠይቆ ስሙን ያናግረዋል፤ የሚፈልገውንም ያስታውቃል። ከዚህ በኋላ በሽተኛው የተጠየቀውን ይሰጣል፥ ከቤቱም ጋር በግብር ይተሳሰራል። ቡናው፥ ዕጣኑ፥ ከበሮው፥ የሌሊቱ ጭፈራ ሁሉ በዚህ የመስጠትና የመቀበል ሥርዐት ላይ የቆመ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥርዐቱን ብትቃወምም፥ በቤቱ የሚሰበሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ሌሪስ በዚህ ቤት ከአባ ጀሮም ጋር ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ጭምር ይቆይ ነበር። ቡና ይጠጣል፤ ለሥርዐቱ የሚያስፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ ለመሥዋዕት የሚሆን እንስሳ ልዑኩ በገንዘቡ ይገዛል፤ ለእሱም መሥዋዕት ተደርጎለት ከሥርዐቱ ተካፍሏል። የወይዘሮ መልካም አያሁን ልጅ እማዋይሽንም ወደዳት። እሷ የምትዘፍነውንና የምትናገረውን ይጽፋል፤ ስጦታም ያመጣላታል። ከጊዜ ብዛት ሥራውና ፍቅሩ፥ ጥናቱና ናፍቆቱ አንዱ ከሌላው ሊለይ የማይችል ሆነ። በዚህ ስፍራ ላይ ማስታወሻው ወደ ከፍተኛው ደረጃው ይደርሳል። ደራሲው ዛር የያዛቸውን ሰዎች ከማጥናት ይልቅ ዛር የያዘው ሰው መሆንን እንደሚመርጥ ይናገራል። ደብተሩ በእጁ ሳለ በቤቱ ካሉት ጋር አንድ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል፤ ደብተሩን ቢጥል ደግሞ በዚያ ቤት የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖረውም።

እስከዚህ ድረስ ደራሲው ትክክል ነው። የሚሳሳተው ለዚህ መለያየት ምክንያት ሲፈልግ ነው። ሌሪስ ምክንያቱን የሚያገኘው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በራሱ ተፈጥሮ፤ ቀዝቃዛ፥ ፈሪ፥ ራሱን ለምንም ነገር አሳልፎ መስጠት የማይችል ሰው ነኝ ይላል። ሁለተኛው በገንዘብ፤ ባለዛሮቹ ዋጋ ሲጠይቁ፥ እማዋይሽም ስጦታ ስትፈልግ ቅር ይለዋል፤ ወዳጅነቱ ሐሰት፥ ሥርዐቱም ንግድ ሆኖ ይታየዋል። ከዚህም የተነሣ በጎንደር የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማስታወሻው ምሬት የተሞላ ነው።

ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ በተጻፈው ማስረጃ ብቻ እንኳ ቢፈረድ፥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዛር ቤት መስጠት ከአባልነት ውጭ የሆነ ነገር ሳይሆን አባልነቱ ራሱ ነው። ዛር የሚጠይቅ መንፈስ ነው። የሚጠየቅ ሰው የቤቱ ሰው ነው፤ ምንም የማይጠየቀው ከመንገድ የገባ መንገደኛ ነው። ወይዘሮ መልካም አያሁ ከሌሪስ ፍየልና ቡና ሲጠይቁ በዚያ ቤት ለእሱ ሊሰጡት የሚችሉትን ብቸኛ ስፍራ መስጠታቸው ነበር። ጐረቤቱ፥ በሽተኛዋ፥ ከሩቅ አገር የመጣችው ባለዛር ሁሉ በዚሁ በር ገብተዋል። ሌሪስ የፈለገው ግን ምንም ሳይጠየቅ የሚወደድበትን ስፍራ ነበር። እንዲህ ያለው ስፍራ በጎንደር የዛር ቤት ውስጥ አልነበረም፤ በፓሪስም ቢሆን መኖሩ ያጠራጥራል። ስለዚህ በእንግዳው ፊት የቆመው ግንብ እሱ እንዳሰበው የነፍሱ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን፥ የተዘጋጀለትን ስፍራ እንደ ውርደት መቁጠሩ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በሽተኛዋ የምትሰጠው ለመዳን ነው፤ ሌሪስ የሚሰጠው ለመጻፍ ነው። የእሷ ግብር ከዛሩ ጋር ያስታርቃታል፤ የእሱ ገንዘብ ግን ወሬ ይገዛል። ገንዘቡም የራሱ አይደለም፤ የልዑኩ ነው፥ በሒሳብ መዝገብም ይገባል። ስለዚህ የሁለቱ መስጠት በስም እንጂ በባሕርይ አንድ አይደለም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የሌሪስን ቅሬታም በከፊል ትክክል ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ይህን ልዩነት ያመጡት ባለቤቶቹ አለመሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። እነሱ መጪውን ሁሉ በለመዱት ሥርዐት ተቀበሉ፤ ሥርዐቱን ወደ ግዢ የለወጠው የእንግዳው ሥራ ነው። ደራሲው በእነሱ ላይ ያየው የገንዘብ ፍቅር፥ አመጣጡ ሲመረመር፥ ከቆንስላው ግቢ ከራሱ ጋር የመጣ ነው። የሚያሳዝነውም ነገር፥ ራሱን በመክሰስ እንዲህ የማይደክም ሰው በዚህ በአንዱ ጕዳይ ላይ ክሱን ወደ ሌሎች ማዞሩ ነው።

የእማዋይሽም ነገር እንዲሁ ነው። መጽሐፉ የእሱን ናፍቆት ገጽ በገጽ ይዘረዝራል፤ የእሷን ሐሳብ ግን በጥቂት ቃላት፥ ያውም በትርጉም ያልፈዋል። አንባቢ ከተጻፈው መካከል ሊያነብ የሚችለው፥ ለአንዲት የጎንደር ሴት አንድ የሚያልፍ ፈረንጅ ምን ሊጠቅምና ምን ሊያስከፍል እንደሚችል በሚገባ የምታመዛዝን ሰው መኖሯን ነው። እሱ ይሄዳል፤ እሷ ግን በእናቷ ቤትና በጐረቤቶቿ ዐይን ሥር ትቀራለች። መጽሐፉ ይህን ማመዛዘን ብርድ ብሎ ሰይሞታል። ጥንቃቄ ብሎ ቢሰይመው ኖሮ ስለ እሷም ስለ ከተማውም የበለጠ ያውቅ ነበር።

ከዛሩ ቤት ውጭ ልዑኩ በጎንደር የፈጸመው ሌላ ሥራ የእንግዳነቱን ነገር በይበልጥ ያጠብቀዋል። ይኸውም የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነገር ነው። የልዑኩ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ ሠርቶ በግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ሲደረግ፥ የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ተነሥተው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ልዑኩ ነገሩን ከካህናቱ ጋር በስምምነት የተደረገ ልውውጥና ለቤተ ክርስቲያኑ የተደረገ እድሳት አድርጎ አቅርቦታል፤ ሆኖም ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ሹማምንት ጋር ብርቱ ጠብ አስከትሏል። ሌሪስ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ጭንቀትና ድብብቆሽ መዝግቦታል፤ ይህን የመሰለ ምስክርነት በልዑኩ የታተሙ የሙያ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም። የመጽሐፉ ታላቅ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ግሪዮል መጽሐፉ ሲታተም መቈጣቱና ከሌሪስ ጋር መለያየቱ የምስክርነቱን ክብደት ያሳያል። በ1941 ደግሞ የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደ። ይሁን እንጂ መናዘዝና መመለስ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማስታወሻው የተወሰደውን ነገር ይቆጥራል እንጂ አይመልስም፤ አንባቢም በደራሲው ቅንነት ተማርኮ ይህን ልዩነት እንዳይረሳ መጠንቀቅ ይገባዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንዱ ቤት ቡና እየጠጡ በሌላው ቤት ግድግዳ ማራቆት፥ እንግዳው ለየትኛው ቤት እንግዳ፥ ለየትኛው ቤት ባዕድ እንደ ሆነ ራሱም እንዳያውቅ ያደርገዋል።

ሌሪስን ከሌላው ታዋቂ ተመራማሪ ከብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ጋር ማነጻጸር ለፍርድ ይረዳል። ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳኑን በመንደሩ መካከል ተክሎ ኖረ፤ በ1922 ባሳተመው ስመ ጥር መጽሐፍም ይህን አኗኗር ለሙያው ሁሉ ደንብ አድርጎ አቀረበው። የግል ማስታወሻው ግን በ1942 ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በ1967 ታተመ፤ በእሱም ውስጥ መሰልቸት፥ ናፍቆትና በአገሩ ሰዎች ላይ የተነገረ ክፉ ቃል ተገኘ። ማሊኖቭስኪ ሥራውንና ኑሮውን በሁለት ደብተሮች ለይቶ አንዱን ደበቀ። ሌሪስ ሁለቱን በአንድ ደብተር ጻፈ፥ በሕይወቱም ሳለ አሳተመ። ደፋርነቱ የማያጠያይቅ ነው። ነገር ግን ማሊኖቭስኪ ቋንቋውን ተምሮ ያለ አስተርጓሚ ይሠራ ነበር፤ ሌሪስ ይህን አላደረገም። ከሁለቱ አንዱ ስለ ራሱ እውነት በመናገር፥ ሌላው የባለቤቶቹን ቃል በቀጥታ በመስማት ይበልጣል። ለሙያው የሚያስፈልገው የሁለቱ መገናኘት ነው።

ሌሪስ በጎንደር በቆመበት አልቀረም። በ1950 ስለ ኤትኖግራፊና ስለ ቅኝ አገዛዝ ባደረገው ንግግር፥ ተመራማሪው የአገሩ መንግሥት ከሚሠራው ግፍ ራሱን ነጻ ማድረግ እንደማይችል ገለጸ። በ1951 ለታተመው ሁለተኛ እትም በጻፈው መቅድምም የወጣትነቱን ማስታወሻ ነቀፈ፤ ከአፍሪቃ ሰዎች ጋር ሊኖር የሚገባው ዝምድና ለራስ ነፍስ መድኀኒት መፈለግ እንዳልሆነ ተናገረ። በ1958 ደግሞ ስለ ጎንደር ዛር «የዛር መያዝና ቴአትራዊ ገጽታዎቹ» የሚል ትርጉም ያለውን ጥናቱን አወጣ። በዚህ ጥናት ውስጥ ባለዛሩ የሚያሳየው ነገር ተራ ማስመሰል አይደለም፥ ፍጹም ራስን መሳትም አይደለም ይላል። በተመልካች ፊት ከሚጫወቱት ቴአትር የተለየ፥ ሰው የሚኖርበት ቴአትር አለ፤ ወይዘሮ መልካም አያሁም እንደ ጕዳዩ ዐይነት አንዱን ዛር አውልቀው ሌላውን የሚለብሱበት የባሕርያት ልብስ ማስቀመጫ አላቸው ብሎ ያስረዳል።

ይህ ሐሳብ ዛርን በሽታ ብቻ ወይም ማታለል ብቻ አድርገው ከሚያዩት አስተያየቶች እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም አመጣጡ ሊታወስ ይገባል። በ1932 ሌሪስን ያስቈጣው ነገር፥ ማለትም ባለዛሮቹ በመንፈስ ተይዘው ሳለ ዋጋ መጠየቃቸውና ጥቅማቸውን አለመዘንጋታቸው፥ በ1958 የሐሳቡ መሠረት ሆኗል። ቅሬታው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ወደ ዕውቀት ተለወጠ። በእነዚህ ዓመታት ሐሰት መስሎት የነበረው ነገር በሰው ፊት የሚኖር ኑሮ መሆኑን ተረድቷል። በዚህም ሥራ የአባ ጀሮም የአማርኛ ጽሑፎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የኋለኛው መጽሐፍ አንድ ነገር አጥቷል። በእሱ ውስጥ ፍየሉን ማን እንደ ገዛ፥ ማን እንዳፈቀረ፥ ማን እንደ ተቈጣ አይታይም። ዕውቀቱ ይነበባል፤ የዕውቀቱ መንገድ ተሸፍኗል። ስለዚህ ተማሪ የ1958ቱን ጥናት ብቻ ቢያነብ ሌሪስ ያየውን እንጂ ያየበትን ስፍራ አያውቅም፤ የ1934ቱን ማስታወሻ ብቻ ቢያነብ ደግሞ የእንግዳውን ስሜት የባለቤቶቹ ጠባይ አድርጎ ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ መነበብ አለባቸው።

የልዑኩ ነገር በፓሪስም ያለቀ ጕዳይ አይደለም። የኬ ብራንሊ ሙዚየም በ2025 ስለዚህ ልዑክ ባቀረበው ኤግዚቢሽን፥ ዕቃዎቹ የተገኙበት መንገድ ከአፍሪቃ ተመራማሪዎች ጋር እንደገና ተመርምሯል። ከልዑኩ ወገን የተጻፈው ነገር እንዲህ በሌላ ዐይን መታየቱ የሚመሰገን ነው። ለጎንደሩ ክፍል ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የቋንቋና የአገር ዕውቀት ነው። አባ ጀሮም በባለዛሮቹ ቤት ተቀምጠው በአማርኛ የጻፉት ነገር ከፈረንሳይኛው ማስታወሻ ጋር ጐን ለጐን ሆኖ፥ የጎንደርን አነጋገርና የዛርን ፉከራ በሚያውቁ ሰዎች ሊነበብ ይገባዋል። በሌሪስ ትርጉም ልመና የመሰለው ቃል በአማርኛው ማዕርግ ያለው የዛር ጥያቄ፥ ብርድ የመሰለውም መልስ የጨዋ ሴት አነጋገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለጥናት የሚሄድ ተማሪም ከዚህ የሚማረው አለ። አገሩ የራሱ ስለ ሆነ እንግዳ አይደለሁም ብሎ ማሰብ አይገባውም፤ አባ ጀሮም በጎንደር እንግዳ እንደ ነበሩ እሱም በሚሄድበት ቤት እንግዳ ነው። በተቀበሉት ጊዜ የሰጡት ስፍራ የት እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ተጠየቀና ምን እንደ ሰጠ፥ በማን አፍ እንደ ሰማ በጥናቱ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ይህም ለምስጋና ሳይሆን ለማስረጃ ነው። ሌሪስ የጻፈው ማስታወሻ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ይህን ሁሉ ስለ መዘገበ፥ ስሕተቱን እንኳ ከራሱ መጽሐፍ ማስረጃ አውጥቶ ማረም ተችሏል። መዝገቡን ያልተወ ተመራማሪ ግን ትክክል ቢሆንም ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጥለት፥ ቢሳሳትም የሚያርመው አይኖርም።